ወጣትነቱን በልተን እርጅናውን እንጣል?

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በቴሌግራም የሚለቀቁትን የሥራ ማስታወቂያዎች እስቲ ልብ ብላችሁ አንብቧቸው። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ... አንዳንዱ ላይ ደግሞ «ዕድሜ ከ35 ዓመት በታች» የሚል ይጨመርበታል። እኛ ሳናያት እናልፋታለን። ድርጅቱ ተዘግቶበት በ50 ዓመቱ ሥራ የሚፈልግ አባት ግን እዚያች መስመር ላይ ይቆማል። በአገራችን የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ለጡረታ ገና ነው፤ ለቀጣሪ ደግሞ አርጅቷል። እስከዚያ ልጆቹን በምን ያብላ?

በሱረቱል ቀሰስ፣ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ሲደርሱ የሽማግሌው ልጅ አባቷ እንዲቀጥሯቸው መከረች። የጠቀሰችው መስፈርት ሁለት ነው፦ ብርታትና ታማኝነት። ኢብኑ ተይሚያ (ረሒመሁላህ) ብርታት እንደየኃላፊነቱ እንደሚለያይ አስረድተዋል፤ ለጦር አዛዥ ጀግንነት ነው፣ ለዳኛ እውቀትና ፍትሕ። ታዲያ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለመካኒክ፣ ለልብስ ሰፊ የ30 ዓመት ልምድ ብርታት አይደለምን?

አቡ ዩሱፍ በ«ኪታቡል ኸራጅ» የዘገቡት ታሪክም አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አንድ ዓይነ ስውር አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አገኙት። እጁን ይዘው ቤታቸው ወሰዱት፤ ከቤታቸውም ሰጡት። ከዚያም የበይተል ማሉን ኃላፊ አስጠርተው ከእርሱና ከመሰሎቹ ላይ ጂዝያ እንዲነሳ አዘዙ። ወጣትነቱን ተጠቅሞ በእርጅናው መጣል ፍትሕ አይደለም ብለው አዩት። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሙስሊም እንኳ አልነበረም!

«እኛስ መች ሥራ አገኘን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግሩ የሁላችንም ነው። ግን ረዛቁ አላህ ነው። የአንድ አባት መቀጠር ለእናንተ ከተጻፈው ሪዝቅ አንዲት ሳንቲም አይቀንስም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፦

• ማስታወቂያ የምታወጡ ከሆነ፣ ሥራው የግድ ካላለ የዕድሜዋን መስመር ሰርዟት።
• ኢንተርኔት ላይ ማመልከት ለከበደው አጎት ወይም ጎረቤት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ሙሉለት። ሲቪውንም ጻፉለት።
• ሥራ የሚፈልገውን አባታችሁን «በቃህ፣ ቤት ተቀመጥ» አትበሉት። ሥራ ክብሩ ነው።

ዕድሜ ከሰጠን እኛም እዚያው ደራሾች ነን።

አላህ ሆይ! ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ሐላል ሪዝቅን ክፈትላቸው፤ እኛንም የፍትሕ ሰዎች አድርገን። አሚን።