ቃኘው ሻለቃ

ደቦ ወጥተን የምናውቅ ሁሉ አንድ ነገር አይተናል። ሰው ስለበዛ ብቻ ሥራ አያልቅም። ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ማንን እንደሚከተል ካልታወቀ ሃያ ሰው የአምስት ሰው ሥራ አይሠራም። ጦርም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ኮሪያ ድረስ ሄዶ ስለ ተዋጋው ስለ ቃኘው ሻለቃ እናነባለን።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ደቡብ ኮሪያን ወረረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን ርዳታ ጠየቀ። አገራችን በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ስትወረር የዚያን ጊዜው የመንግሥታት ማኅበር አልደረሰላትም ነበር። ይህን ያልረሳው የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጦር ለመላክ ተስማማ። ወታደሮቹ የተመረጡት ከክብር ዘበኛ ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ፑሳን ወደብ ደረሱ።

ቃኘው የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። መቃኘት በቋንቋችን ሁለት ነገር ነው። አንዱ የበገናን ጅማት አስማምቶ መወጠር ነው። ሌላው አካባቢን ዞሮ ማየት፣ መሰለል ነው። ይህ ጦር ሁለቱም አስፈልገውታል።

እስቲ አደረጃጀቱን ከታች ወደ ላይ እንቁጠር። ትንሹ ክፍል ጓድ ነው። አሥር ያህል ሰው አለበት። ሦስት አራት ጓድ አንድ ላይ ሲሆን መቶ ይባላል። ስሙ መቶ ይሁን እንጂ ሰዉ መቶ አይሞላም። መቶዎች ተሰብስበው ሻምበል፣ ሻምበሎች ተሰብስበው ሻለቃ ይሆናሉ። ሻለቃ ማለት የሺህ አለቃ ማለት ነው። ቃኘው 1,200 ያህል ሰው ነበረው። ከሻለቃ በላይ ሬጅመንት ወይም ብርጌድ፣ ከዚያ በላይ ክፍለ ጦር አለ። ለዚሁ ጦርነት ቱርክ 5,000 ያህል ሰው ያለበት ብርጌድ ልካለች። የእኛ ሻለቃ ግን በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ።

አንድ ሻለቃ ሲደክም ሌላ ይተካዋል። የመጀመሪያውን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ መሩት። በ1944 ዓ.ም. ሁለተኛው፣ በ1945 ዓ.ም. ሦስተኛው ቃኘው ተተኩ።

ውጊያው በተራራ ላይ ነበር። ክረምቱ በረዶ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰዎች በሌሊት ወጥተው የጠላትን ምሽግ ይቃኛሉ። በጨለማ ውስጥ አዛዡ ሁሉን ማየት አይችልም። የጓድ መሪ ግን አሥሩን ሰው በስም ያውቃል። ሲወጡ ይቆጥራል፤ ሲመለሱ ይቆጥራል። አንድ ከጎደለ ወዲያው ይታወቃል። የቆሰለውን ይሸከሙታል፤ የሞተውንም ጥለውት አይመጡም።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። ከእኛ ሰዎች 121 ሞተዋል፤ 536 ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም። የሞቱትም በባዕድ አገር አልቀሩም፤ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ። ቹንቾን በምትባል የኮሪያ ከተማ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

121 ስንል በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። በየቤቱ ሲደርስ ግን አንዱ የእናት ልጅ፣ ሌላው የልጆች አባት ነው። ጦርነት ሁልጊዜ ያስከፍላል። መልካም አደረጃጀት ሞትን አያስቀርም። ሰው ግን ተረስቶ እንዳይቀር ያደርጋል።

ጥያቄዎች
1. መቃኘት የሚለው ቃል ምን ምን ማለት ነው?
2. ከጓድ እስከ ክፍለ ጦር ያሉትን በቅደም ተከተል ጻፉ።
3. የጓድ መሪ ሰዎቹን የሚቆጥረው ለምንድን ነው? በደቦ ሥራስ ይህ ይጠቅመናል?