የሚለመን ውኃ እና የሚጣራ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከኢዮጴ ወደ አዛጦን የሚወርዱ ተሳላሚዎች በያቭነ ሜዳ ያልፋሉ። በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 እንደ ተጻፈ፣ ንጉሥ ዖዝያን የዚህችን ከተማ ቅጥር አፈረሰ። ይኸው ንጉሥ እርሻን የሚወድ ነበረና ለከብቶቹ ብዙ ጉድጓድ አስማሰ።

በዚያ ዘመን ጉድጓዱን የሚምሰው ሰው፣ የሚሞላው ግን ዝናም ነበረ። ስለዚህ የሰው ዓይን ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር። በአገራችንም ዝናም ሲዘገይ ሕዝቡ እግዚኦታ ያደርሳል፤ ቤተ ክርስቲያንም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ትማልዳለች። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜም ዘመነ ክረምት ብላ በያሬድ ዜማ ታመሰግንበታለች።

ዛሬ ከያቭነ በስተ ሰሜን፣ በሶሬቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ሥራ የጀመረ የባሕር ውኃ ማጣሪያ አለ። የባሕሩ ውኃ በብርቱ ግፊት እጅግ በረቀቀ ማጣሪያ ያልፋል፤ ጨዉም ወደ ኋላ ይቀራል። በዓመት እስከ 150 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጣ ውኃ ይወጣል። ዝናም ቢዘገይም ቧንቧው አይደርቅም፤ ስለዚህም ብዙ ሰው ሰማይን ሳያይ ይጠጣል።

ታዲያ ማጣሪያ መሥራት ኃጢአት ነውን? አይደለም። ዖዝያን ጉድጓድ በማስማሱ አልተነቀፈም። የወደቀው ከበረታ በኋላ ልቡ ታብዮ፣ ለካህናት ብቻ የተሰጠውን ዕጣን ሊያጥን ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣ። የጎዳው ጉድጓዱ ሳይሆን፣ ያበረታውን መርሳቱ ነው።

የቀድሞ ሰውም ቢሆን ከበደል ንጹሕ አልነበረም። በጎንደርና በጎጃም በተራቆተው እርሻ መካከል ደን ተጠብቆ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ዛፍ የቈረጠውና በውስጥ ያለውን ያልነካው ያው አንድ ገበሬ ነው፤ ምሳሩም ያው አንድ ምሳር ነው። በቅጥሩ ውስጥ ያለው የእግዚአብሔር መሆኑን አመነ፤ በውጭ ያለውም የእርሱ መሆኑን ግን ዘነጋ። የዛሬ ሰው ይህን ዝንጋዔ አሰፋው እንጂ አልጀመረውም።

ክቡራን ተሳላሚዎች፣ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ውኃ ባየ ጊዜ ከጥማቱ ይልቅ ጥምቀቱን አሰበ። እናንተም በዚህ አገር ከቧንቧ ስትቀዱ አስቀድማችሁ አማትቡ፤ የተረፈውንም በከንቱ አታፍስሱ። ዝናሙንም ባሕሩንም የፈጠረ አንድ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።