ጥቁር ጉድጓድን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ መመርመር

ገበያ ወርዳ እንስራ የምትገዛ ሴት ዕቃውን በዓይኗ አይታ ብቻ ገንዘቧን አትከፍልም። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፥ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ዓይን ያላየው ስንጥቅ በጆሮ ይታወቃል። የዛሬ ዘመን የሰማይ መርማሪዎችም ጥቁር ጉድጓድ የሚባለውን ነገር የሚፈትኑት ይህን በመሰለ መንገድ ነው።

ጥቁር ጉድጓድ ማለት ብዙ ክብደት በጠባብ ስፍራ ተከማችቶ፥ ከስበቱ ብርታት የተነሣ ብርሃን እንኳ ከውስጡ ሊያመልጥ የማይችል የሰማይ አካል ነው። ስለዚህ እርሱ ራሱ ብርሃን አይሰጥም። ነገር ግን አልበርት አይንስታይን የተባለው ሊቅ በ1916 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ ሞገድ እንደሚያነሣ ሁሉ፥ ከባድ አካላት እርስ በርሳቸው ሲዞሩ ስፍራና ጊዜም ሞገድ እንዲያነሡ አስቀድሞ አስረድቶ ነበር። ይህም የስበት ሞገድ ይባላል።

ሞገዱን ለመስማት በአሜሪካ አገር፥ በሀንፎርድና በሊቪንግስተን፥ ላይጎ የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች ተሠሩ። በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። እያንዳንዱ መሣሪያ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት፤ በውስጣቸውም የሌዘር ብርሃን በመስተዋቶች መካከል ይመላለሳል። ሞገድ ሲያልፍ አንደኛው ክንድ ይረዝማል፥ ሁለተኛው ያጥራል፤ ለውጡም በአቶም እምብርት ካለው የፕሮቶን ስፋት በብዙ መቶ እጅ ያነሰ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ግጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ሞገዱ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተጉዞ የመጣ ሲሆን፥ ሁለቱ መሣሪያዎች በሴኮንድ 7 ሺኛ ያህል ተቀዳድመው አንድ ዓይነት ምስክርነት ሰጡ።

በዚህ ምስክርነት የሊቃውንት መላ ምት ይፈተናል። ሮይ ኬር በ1963 ባገኘው ስሌት መሠረት፥ የሚዞር ጥቁር ጉድጓድ በክብደቱና በዙረቱ ብቻ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከግጭት በኋላ እንደ ተመታ እንስራ ሲያስተጋባ ድምፁ ከነዚህ ከሁለቱ ጋራ መስማማት አለበት። ስቲቨን ሆኪንግም በ1971 የጥቁር ጉድጓድ የውጭ ገጽ ስፋት ከቶ አይቀንስም አለ። ጃንዋሪ 14 ቀን 2025 እጅግ ጥርት ያለ ሞገድ በተሰማ ጊዜ፥ የሁለቱ ገጽ ስፋት አስቀድሞ 240,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከተዋሐዱ በኋላ ግን 400,000 ያህል ሁኖ ተገኘ። ቃሉም ጸና።

ይሁን እንጂ ድምፁን ከጫጫታ መለየት ቀላል አይደለም። ነፋስ፥ የባሕር ማዕበል፥ የመኪና መንቀጥቀጥ ሁሉ መሣሪያውን ይረብሹታል። ደግሞም አንዱን ሞገድ በቀድሞው የስሌት መንገድ መርምሮ መጨረስ ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይረዳል። ኮምፒዩተሩ በስሌት የተሠሩ እጅግ ብዙ ሞገዶች ከጫጫታ ጋራ ተቀላቅለው ከነመልሳቸው ይቀርቡለታል፤ ከነዚህም ተምሮ የአዲሱን ሞገድ ክብደት፥ ዙረትና ርቀት ይገምታል። በ2021 በጀርመን አገር የማክስ ፕላንክ ተቋም መርማሪዎች ዲንጎ በተባለው ዘዴ ይህ ሥራ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ ሊፈጸም እንደሚችል አሳዩ።

ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን እውነት አይሆንም። አንድ መጽሐፍ ብቻ በቃሉ ያጠና ተማሪ፥ ሌላ መጽሐፍ ሲከፈትለት ያንኑ የለመደውን ሊያነበንብ ይችላል። ኮምፒዩተሩም በአይንስታይን ሕግ የተሠሩትን ሞገዶች ብቻ ከተማረ፥ ከሕጉ የተለየ ሞገድ ሲመጣ ከለመደው ጋራ አስማምቶ ሊያልፈው ይችላል። ጫጫታውን እንደ አዲስ ነገር ከቈጠረ ደግሞ ሐሰት እውነት ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ ግምቱ በቀድሞው ስሌት እንደገና ይመዘናል፤ ሕጉን ሆን ብለው ያፈረሱ የተሠሩ ሞገዶችም እየቀረቡለት ሊፈተን ይችላል።

ሰዎቹ ራሳቸውም ከፈተና አላመለጡም። በሴፕቴምበር 2010 ጥቂት ሰዎች ለሌሎቹ ሳይነግሩ የተሠራ ምልክት በመሣሪያዎቹ አስገቡ። እንዲህ ያለ ፈተና ሊመጣ እንደሚችል ሁሉም ያውቁ ነበር፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አያውቁም። መርማሪዎቹ ወራት ደክመው ለኅትመት የሚሆን ጽሑፍ አዘጋጁ። በማርች 2011 የታሸገው ፖስታ ሲከፈት ምልክቱ ለፈተና የተሠራ መሆኑ ተገለጠ። ድካማቸው ግን ከንቱ አልሆነም፤ እውነተኛው ሞገድ በ2015 ሲመጣ መመርመሪያቸው የተፈተነ ነበርና።

መምህር ይህን ነገር በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል። አንድ ደኅናና አንድ የተሰነጠቀ እንስራ በጨርቅ ጋርዶ እየመታ፥ ተማሪዎቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ ፍርዳቸውን እንዲጽፉ ያድርግ፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱን ብቻ ሁለቴ ይምታ። መጋረጃው የሚገለጠው ሁሉም ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ይሁን። ግምትን አስቀድሞ መጻፍና ለፈተና ማቅረብ የዕውቀት ሁሉ መጀመሪያ መሆኑን ልጆቹ በዚህ ይማራሉ።