አንድ ፊደል በየሙያው
(ስለ አሕጽሮተ ቃል አጭር ጥናት)

አሕጽሮተ ቃል ማለት የአንድ ሙያ ሰዎች ጊዜና ወረቀት ለመቈጠብ ሲሉ በመካከላቸው የተዋዋሉት አጭር አጻጻፍ ነው። «ዓ.ም.» የሚለውን የመሰለ ውል ሁሉም ያውቀዋል፤ አብዛኛው ግን ከሙያው አጥር ሲወጣ ወይ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ወይም ጨርሶ ድዳ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል «መ»ን እንውሰድ። ነገሌ ቦረና የጦር ሰፈርም፣ ትምህርት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም ያለባት ከተማ ናት። በአማርኛ በተጻፈ ደብዳቤ «መ/አ» መቶ አለቃ፣ «መ/ር» መምህር፣ «መ/ቤት» መሥሪያ ቤት፣ በፍርድ ወረቀት ላይ ደግሞ «መ/ቁ» መዝገብ ቁጥር ነው። ወደ ኦሮምኛ ስንሻገር ነገሩ ይገለበጣል። አማርኛ «ቤት»ን ወደ ኋላ ስለሚያደርግ «ት/ቤት» እና «ፍ/ቤት» በመጀመሪያው ፊደል ይለያሉ። ኦሮምኛ ግን ቤት ማለት የሆነውን «መነ» ስለሚያስቀድም፣ ትምህርት ቤት «መነ በሩምሳ»፣ ፍርድ ቤትም «መነ ሙርቲ» ይባላል፤ በላቲን ፊደል ሲያጥሩ ሁለቱም በ«ኤም» ይጀምራሉ፤ የሚለያቸው ሁለተኛው ፊደል ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው «ኤ.አይ.» ነው። ዛሬ በግቢያችን ይህን የሚል ሰው ስለ ኮምፒውተር እንደሚናገር አንጠራጠርም። ስሙን በ1955 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጆን ማካርቲና ባልደረቦቹ ሰጡት፤ በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ለዚሁ ጥናት ማዕከል ተቋቋመ። በነገሌም ሆነ በያቤሎ ያለ የእንስሳት ባለሙያ «ኤ.አይ.» ሲል ግን ላምን ያለ ኰርማ ማዳቀልን ማለቱ ነው። በዕድሜም ታላቁ ይኸኛው ትርጕም ነው። የዶሮ በሽታ የሚያጠና ሐኪም ደግሞ የወፍ ኢንፍሉዌንዛን በነዚሁ ፊደሎች ይጠራል። የሚገርመው፣ የፊተኞቹ ሁለቱ በአማርኛ ቢፈቱም «ሰው ሠራሽ» ብለው ይጀምራሉ፤ አንዱ አስተውሎት፣ ሌላው ማዳቀል ብሎ እስኪጨርስ ድረስ አይለዩም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኰርማው ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ተጠብቆ ይመጣል፤ የላሚቱ ድራት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባለ ከብቱ ነገሩን ተረድቶ ምልክቱን በጊዜው ካልተናገረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ ቦረናዎች ኰርማን በዘሩና በቁመናው መርምረው የሚመርጡ ሕዝብ ናቸው። «ኤ.አይ. እናድርግላችሁ» ተብለው «እሺ» ቢሉ፣ የኰርማ ምርጫቸውን ለሌላ ማሳለፋቸው መሆኑን ካላወቁ፣ ያ «እሺ» ስምምነት ሊባል አይችልም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ ብዙ ከብት ባለቀበት አገር፣ የተረፈችው ላም ጉዳይ የቤተ ሰቡ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ነገ ተመርቀን ወደ ቆላው ከተሞች ስንመደብ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ማናቸውንም አሕጽሮተ ቃል በመጀመሪያ ሲጠራ ዘርዝሮ መጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ያልገባንን ሳናፍር መጠየቅ፤ ሦስተኛ፣ ከፊታችን ለቆመው ሰው በሚሰማው ቋንቋ መናገር። ማሳጠር ለጸሐፊው ምቾት ነው፤ መዘርዘር ግን ለአንባቢው የሚገባ መብት ነው።