በአየርላንዳውያን ሰላምታ ውስጥ ያለ ጸሎት

በአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ሰላምታ ሰጪው «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» ሲል፣ ተቀባዩ «እግዚአብሔርና ማርያም ከአንተ ጋር ይሁኑ» ብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ቅዱስ ፓትሪክ ይጨመራል። መልሱ ከተቀበሉት ይበልጣል እንጂ አያንስም። በሥራ ላይ ያለን ሰው ሲያገኙ ደግሞ «የእግዚአብሔር በረከት በሥራው ላይ ይሁን» ይላሉ። ይህስ የእኛው «እግዜር ያበርታ» አይደለምን?

ከ1695 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ ሕጎች የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችን ዘጉ፤ ካህናትን አሳደዱ፤ ምእመናንም በየሜዳው ቋጥኝ ላይ ያስቀድሱ ነበር። ይህን ሰላምታ ግን ከሕዝቡ አፍ የነጠቀ ሕግ አልነበረም። «የእግዚአብሔር ረድኤት ከበሩ ይልቅ ቅርብ ነው» የሚለው ምሳሌያቸው ካህን በማይደርስበት ቤት ምን ያህል እንደሚያጽናና እንገምታለን።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ አዲስ ጸሎት ከማስጠናታችሁ በፊት ልጆቹን በቤታቸው ስንት ምርቃት እንደሚሰሙ ጠይቋቸው፤ መልሱንም አብራችሁ ጻፉ።