ልብዎ ደህና ነው ከተባለ በኋላ

ኢሲጂ ተነሥተዋል፣ ኢኮ ታይተዋል፣ ደምዎ ተመርምሯል፤ ሐኪሙም ውጤቱን አገላብጦ «ልብዎ ደህና ነው» ብሎ አሰናብቶዎታል። ያን ዕለት ቀልሎዎት ይሆናል። በማግስቱ ግን ደንበኛ ፊት ተቀምጠው ብር ሲቆጥሩ፣ ወይም መሪ ጨብጠው፣ ወይም ጠመኔ ይዘው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ልብዎ ድንገት ዝልል ይላል፤ ለአንድ አፍታም ቀጥ ያለ ይመስልዎታል። ወዲያው እጅ ወደ አንገት ይሄዳል፣ ምት ይቆጠራል፣ «ሳያዩት የቀረ ነገር ቢኖርስ?» የሚለው ሐሳብ ይመጣል። ሥራው እዚያው ይቆማል።

እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሠራተኛ የምመክረው ዋና ነገር አንድ ነው። ምርመራው ሥራውን ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ፍርሃቱን በሕይወት የሚያቆየው እርስዎ ልብዎን የሚከታተሉበት ክትትል ነው። ስለዚህ የሚሠራው ሥራ እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ያ ዝላይ ምን እንደሆነ ይወቁ፤ የማያውቁት ነገር ሁልጊዜ ይበልጥ ያስፈራል። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ምት ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመጣል። ልብ ገና በደም ሳይሞላ ስለሚመታ ይህ ምት ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሰማም። ከእሱ ቀጥሎ ልብ ከወትሮው ትንሽ የረዘመ እረፍት ይወስዳል፤ «ቆመ» የሚያሰኘው ይህ ነው። በዚያ እረፍት ውስጥ ብዙ ደም ይሞላና ቀጣዩ ምት በርታ ብሎ ይመጣል፤ ደረትን ድው የሚያደርገው እሱ ነው። ያስደነገጠዎት ምት እንግዲህ ልብ ወደ ሥርዓቱ የተመለሰበት ምት ነው።

እንዲህ ያለው ትርፍ ምት በጤነኛ ሰውም ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 100 ሰዎች የልብ ምት መቅጃ ደረታቸው ላይ ተለጥፎላቸው ለሁለት ሳምንት ተከታትለዋቸዋል። ቡና እንዲጠጡ በተነገራቸው ቀን ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡ 154 ትርፍ ምቶች በአማካይ ተመዝግበዋል፤ እንዳይጠጡ በተነገራቸው ቀን ደግሞ 102። ልባቸውን አሟቸው የመጡ ሰዎች አልነበሩም።

በእኛ አገር የልብ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው ሩማቲክ የልብ በሽታ የብዙ ቤተሰብ ሐዘን ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለዓመታት ሕዝቡን ያስተባበረው ለዚሁ ነው። ጎረቤቱን ወይም የክፍል ጓደኛውን በልብ ሕመም ያጣ ሰው ደረቱ ሲዘል ቢደነግጥ አያስገርምም። ሆኖም ያ በሽታ የሚጎዳው የልብን ቫልቮች ነው፤ ኢኮ ደግሞ ቫልቮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ በቀጥታ ያሳያል። ኢኮዎ ንጹሕ ከሆነ ይህኛው ጥያቄ መልስ አግኝቷል።

«ደህና ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ግን እንደማይበቃ አምናለሁ፤ ጭንቅ ያለበት ሰው ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል። ተመልሰው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ምን ፈልገው እንደመረመሩ፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን ቢከሰት መመለስ እንዳለብዎ። ኢሲጂ የሚቀዳው ዐሥር ሰከንድ ያህል ስለሆነ ምቱ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚዘልበት ሰው 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚለበስ፣ ሆልተር የተባለ የልብ ምት መቅጃ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሆርሞን እና የፖታሲየም መጠን መታየታቸውንም ያረጋግጡ፤ በተለይ የወር አበባ የሚበዛባት ሴት የደም ማነሷ ሳይታይ መቅረት የለበትም። መልሱን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ በሐኪሙ ቃል ይጻፉት። ከዚያ በኋላ ልብዎ ሲዘል የሚያነቡት ያንን ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልጉ።

ወደ ሐኪም የሚያስመልሱት ነገሮች ግልጽ ናቸው። ራስን መሳት፣ በተለይ በሥራ ወይም በሩጫ መካከል፤ ሲንቀሳቀሱ የሚመጣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፤ በድንገት ጀምሮ አልቆም የሚል ፈጣን ምት፤ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ሳይታሰብ የሞተ ሰው ካለና ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ ከቀሩ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና ይሂዱ፤ ሕመሙ ጠንክሮ መንቀሳቀስ ካቃተዎት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አሁን ወደ ክትትሉ። ፖል ሳልኮቭስኪስ እና ሂላሪ ዋርዊክ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ የጤና ጭንቀት ያለበት ሰው ደጋግሞ ማረጋገጫ መፈለጉ ጭንቀቱን እንደሚያቆየው አሳይተዋል። ነገሩ እንደ እከክ ነው፤ ሲያኩት ያስደስታል፣ ኋላ ይቆስላል። የደም ሥር ሲዳስሱ፣ ሰዓቱን ሲያዩ፣ ባለቤትዎን «ፊቴ ገርጥቷል እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ለጥቂት ደቂቃ ይቀልልዎታል፤ አእምሮዎ ግን «ዛሬ የዳንኩት ስላረጋገጥኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ቶሎ እንዲያረጋግጡ ያዝዝዎታል። ከዚያም በላይ ደረቱን ሲያዳምጥ የሚውል ሰው ሌላው የማይሰማውን ትርፍ ምት ሁሉ ይሰማል፤ ሲደነግጥ የሚፈሰው አድሬናሊን ደግሞ ምቱን ያፈጥነዋል፣ ትርፍ ምትም ሊጨምር ይችላል።

በአንድ ቀን ይቆማል ብለው ራስዎን አያስጨንቁ። እጅዎ ወደ አንገትዎ ሊሄድ ሲል ሰዓቱን አይተው ለሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ እስኪደርስ ድረስ የያዙትን ሥራ ይቀጥሉ። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ፍላጎቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቅዞ ያገኙታል። ከሳምንት በኋላ ወደ አንድ ሰዓት ያሳድጉት። የእጅ ሰዓትዎ ምት የሚቆጥር ከሆነ ለጊዜው ማስጠንቀቂያውን ያጥፉት ወይም ቤት ይተዉት፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ሰዓቱ ስሕተት ያነብባል፣ የተሳሳተችው አንዲት ቁጥር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታበላሻለች።

ቤተሰብዎንም ያሳትፉ፤ ይህ በተለይ የሚረሳ ነው። ሚስት «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» የምትለው ከፍቅር ነው፤ በቀን ዐሥር ጊዜ ሲባል ግን ያው ማከክ ይሆናል። አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሲጠይቃት «ሐኪሙ ያለህን አንተው ጽፈኸዋል፤ በል ና፣ ራት ቀርቧል» ብትለው በቂ ነው። ጭካኔ አይደለም። ልጆችዎ ሲጠይቁም «ልቤ ይዘላል፣ ሐኪም አይቶታል» ብሎ በተረጋጋ ድምፅ መንገር ከመደበቅ ይሻላል።

ዝላዩ በሥራ ሰዓት ሲመጣ ቦታዎን አይልቀቁ። መስኮቱ ላይ ያለች የባንክ ቴለር ልቧ ሲዘል ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ብትሮጥ ነገ ወንበሩ ራሱ ያስፈራታል። እግርዎን መሬት ላይ በደንብ ያሳርፉ፣ ትከሻዎን ይልቀቁ፣ በአፍንጫ ቀስ ብለው ስበው ከሳቡበት ረዘም አድርገው ያውጡ፤ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ያህል ይበቃል። ጣት የሚደነዝዘውና ራስ የሚዞረው ብዙ ጊዜ በድንጋጤ በፍጥነት ስንተነፍስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው፤ ትንፋሹ ሲረጋ ይመለሳል። ከዚያ ብሩን ይቁጠሩ። ልቡ እየዘለለም ቢሆን ይቁጠሩ። ፍርሃቱ የሚከስመው ልብ እየዘለለ ሥራው ሲሠራና ምንም ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው።

ሾፌር ከሆኑ ምክሩ ይለያል። የሚዘል ምት ብቻውን መሪ አያስለቅቅም፤ ራስዎን ካዞረዎት ግን ዳር ይዘው ያቁሙ። ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ሐኪም እስኪፈቅድልዎ ድረስ አይንዱ፤ ከኋላ የጫኑት የሰው ነፍስ ነው።

ከባልደረቦችዎ ለአንዱ፣ ለሚያምኑት፣ ቢነግሩት ሸክሙ ይቀላል። የሕመም ፈቃድ መብትዎ እንደሆነም ይወቁ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ግን ረጅም ፈቃድ አልመክርም። ቤት ተኝቶ ደረትን ከማዳመጥ የከፋ ነገር የለም።

ቡናን በተመለከተ ሰው ሁሉ «ተው» ይላል። እኔ የምለው ለሁለት ሳምንት ሳይጠጡ ሞክረው ይዩት ነው፤ ልዩነት ካላመጣ አቦሉን ከጎረቤት ጋር ይጠጡ፤ ከቡናው ጋር የሚቀረው ጨዋታ ለተጨነቀ ሰው መድኃኒት ነው። ጫት ግን ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል፤ ልቡ የሚዘል ሰው ሊተወው ይገባል። የኃይል መጠጦች፣ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖች፣ ለአስም የሚነፋው ቬንቶሊንም ምት ያፈጥናሉ፤ ቬንቶሊኑን ግን በራስዎ አያቋርጡ፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

ፍርሃቱ ያስተወዎትን ነገር ያስቡ። ደረጃ ትተው በአሳንሰር ብቻ የሚወጡ፣ ሆስፒታል ይርቃል ብለው ወደ ክፍለ ሀገር የማይሄዱ፣ ከትዳር አጋራቸው ጋር መተኛት የፈሩ ብዙ ናቸው። ሐኪምዎ እንቅስቃሴ ከፈቀደልዎ በአንድ ፎቅ ይጀምሩ። ልብ ይመታል፣ ይምታ። ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ይድገሙና ሁለተኛውን ይጨምሩ።

ከወር ከሁለት ወር በኋላም እንቅልፍና ሥራ የሚያሳጣዎት ከሆነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይዩ። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ነርሶችና ሐኪሞች አሉ፤ ስሙን ፈርቶ መቅረት ጉዳቱ ለራስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የልብ ክሊኒክን ጨምሮ በሆስፒታል ክሊኒኮች የሚታዩ የጤና ጭንቀት ያለባቸው 444 ታካሚዎችን ተከታትሎ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ዓይነት ልምምዶች በባለሙያ ተመርተው የሠሩት ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል፤ ሕክምናውን ከሰጡት መካከል ነርሶች ይገኙበታል። ከፋርማሲ ግን ፕሮፕራኖሎል ወይም ዳያዜፓም በራስዎ ገዝተው አይዋጡ፤ የመጀመሪያው አስም ላለበት አደገኛ ነው፣ ሁለተኛው ሱስ ያስይዛል።

ሲሻልዎት ከርሞም አንድ ሰሞን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ጉንፋን ሲይዝዎ፣ የሌሊት ተራ ሲደራረብ፣ በጾም ውኃ ሳይጠጡ ሲውሉ፣ ሐዘን ሲገጥም። ያን ጊዜ ሌላ ኢሲጂ ፍለጋ ሦስተኛ ክሊኒክ አይዙሩ። የጻፉትን ማስታወሻ ይክፈቱ፤ ሐኪሙ ተመለስ ካለበት ምልክት አንዱም ከሌለ ሩብ ሰዓቱን እንደገና ይጀምሩ፤ ቀጠሮዎ ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ በስድስተኛው ወር ይሂዱ።