«ማዳምሽ ታውቃለች?»

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ጥያቄ ነው።

በእረፍቴ ቀን ለእናቴ ብር ልልክ አል ኑዓይሚያ አንድ ሐዋላ ቤት ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረውን ሰውዬ መታወቂያውን አይተው ሸኙት። እኔ ጋ ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ መታወቂያዬን እንኳ ሳይቀበል «ማዳምሽ ታውቃለች?» አለኝ። ሐበሻ ሴት ብር ከያዘች ወይ ጠፍታ ነው ወይ ሰርቃ፣ በቃ! አፍሬ ወጣሁ። እናቴ የዚያን ወር መድኃኒቷን በብድር ገዛች።

አሁን ሳስበው ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም። መታወቂያ ማየት፣ ገንዘቡ ከየት መጣ ማለት የሐዋላ ደንብ ነው፤ ማንም ይጠየቃል። ለእኛ ብቻ የምትወጣ ጥያቄ ግን ንቀት ናት። የዚህ አገር ሕግም ከ2015 ጀምሮ (በፈረንጆች) ሰውን በዘርና በቀለም መለየትን ይከለክላል፤ በ2023 በአዲስ ሕግ ቢተካም ክልከላው እንዳለ ነው።

በሳምንቱ ተመለስኩ። ያው ልጅ ያንኑ ሲለኝ «ከፊቴ ያለውንስ ጠይቀኸዋል?» ብዬ ሙዲሩን አስጠራሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙዲሩ መታወቂያዬን አየ፤ ብሩ ተላከ፣ ደረሰኜን ተቀበልኩ።

ደስ ብሎኝ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ፓኪስታኒ መሆኑን ሳይ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እስክወርድ ድረስ ዓይኔን ከቆጣሪው አልነቀልኩም።